ከጨፋ ሥር የተገኘው ደን

ሙጂብ ከጥያቄ ሁሉ አጥብቆ የሚጠላው «ምንድን ነው የምታጠናው?» የሚለውን ነበር። «በጥልቅ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ የሟሟ ኦርጋኒክ ካርቦን» ብሎ ሲመልስ ጠያቂው የክፉ በሽታ ስም እንደተነገረው ሰው ዓይኑን ወደ መሬት ይሰብራል፤ አንዳንዱም «አላህ ያሽርህ» ይለዋል። ስለዚህ ዘርዘር አድርጎ ማስረዳት ለመደ። ዝናብ ሲዘንብ ቅጠሉን፣ ሣሩን፣ ሥሩን፣ የከብቱን እበት ሳይቀር እየነካካ ያልፋል። ከነካው ሁሉ ቅንጣት ቅንጣት አሟሙቶ ይይዝና መሬት ውስጥ ይሰርጋል። እዚያ ጨለማ ውስጥ ሺህ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ያንን የያዘውን ስንቅ ቀስ እያሉ ይበሉታል። «እኔ የምለካው የተረፈውን ነው፤ የተረፈው ነገር ውሃው ከየት እንደመጣና ስንት ዘመን እንደቆየ ይነግረኛል» ይላል፣ ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሰሚው ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምቶ ሲያበቃ «ታዲያ ውሃው ይጠጣል?» ይለዋል። የሙጂብ ሆድ ይቃጠላል። ለዚህ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኩት? ይጠጣል አይጠጣም ማለትማ የቀበሌ ሥራ ነው! በልቡ እንዲህ ይል ነበር፤ ያውም የከሚሴ ልጅ ሆኖ፣ ልጅነቱን ጀሪካን ሲጎትት አሳልፎ።

ለዶክትሬቱ የመረጠው ከከሚሴ እስከ ባቲ ያሉትን ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ለሰው ሲናገር «ለአገሬ ልሥራ ብዬ ነው» ይላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ማንም ቀድሞ ያልነካውን ቦታ ብይዝ ያገኘሁት ነገር ሁሉ የመጀመሪያ ይሆናል ብሎ ነው የመጣው። ጉረኛ ተብሎ አይታማም፤ ጉራውን ሆዱ ውስጥ ነው የሚያሳድረው።

የዚህ ሥራ ጣጣው ካርቦን የሌለበት ቦታ አለመኖሩ ነው። ጣት ላይ አለ፣ ላብ ላይ አለ፣ ፕላስቲክ ላይ አለ፣ ሽቶ ላይ አለ። ስለዚህ የናሙና ጠርሙሶቹ ቡናማ ብርጭቆ ናቸው፤ ምንም እድፍ እንዳይቀርባቸው አዲስ አበባ ምድጃ ውስጥ ግለው፣ አፋቸው በፎይል ተጠቅልሎ ነው የሚመጡት። ሙጂብ እነሱን ሲጠብቅ ሰው አስመረረ። ሾፌሩ ሲጋራ ለኩሶ ቢጠጋ ጮኸበት። የፓምፑ ጠባቂ ብርቱካን ሲልጥ ገላመጠው። ሽቶ የተቀባ የወረዳ ሰው ሊጨብጠው እጁን ቢዘረጋ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ሰውየው እስከ ዛሬ ተቀይሞታል። በዞኑ ውስጥ «አትንኩ» ያላላቸው ሰው አንድ ብቻ ነበሩ፤ አክስቱ ሰሊማ።

ሰሊማ የአባቱ እህት ናቸው። በነሱ አገር የአባት እህት «አዳዳ» ትባላለች፤ አዳዳውን ይህን አትንኪ የሚል የወንድም ልጅ ገና አልተወለደም። አባቱም እናቱም ካለፉ ወዲህ ደግሞ «የኔ» የሚላቸው ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል። ቤታቸው ጨፋ ሮቢት ዳር፣ አዲሱ ጥልቅ ጉድጓድ ከተቆፈረበት ብዙም ሳይርቅ ነው። ሙጂብ ወደ ባቲ ጉድጓዶች ከመሄዱ በፊት ለጨፋው የመደባቸውን ጠርሙሶች በሳጥን አድርጎ እሳቸው ጓዳ አስቀመጠ።

«ምንድን ናቸው እነዚህ፣ ኢልማ ኮ?» አሉት። ልጄ ማለታቸው ነው።

«የውሃ መቅጃ ናቸው፣ አዳዳ።»

«ለማን ነው የሚቀዳባቸው?»

እዚህ ላይ ያች ሆዱ ውስጥ የምታድር ጉራ ብቅ አለች። «አዲስ አበባ ለሚጠብቁኝ ትልልቅ ሰዎች ነው» አለ።

ሰሊማ ሳጥኑን አዩት፣ እሱን አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። የጉዳዩ ክብደት ገብቷቸዋል ብሎ ደስ እያለው ሄደ።

ከባቲ ሲመለስ ጠርሙሶቹን ፎይላቸው እንኳ ሳይላላ እንደተደረደሩ አገኛቸው። ጉድጓዱ ጋ ሄደ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ፓምፑ ቧንቧው ውስጥ የቆየውን ውሃ አውጥቶ እስኪጨርስ ጠበቀ፤ ጓንቱን አጠለቀ፤ ውሃውን በማጣሪያ አሳልፎ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ሞላ። ሊከድነው ሲል አንድ ሽታ አፍንጫውን ነካው። ቀጭን ነው፤ እንጨት እንጨት የሚል፣ ጣፈጥ ያለ፣ ከሩቅ የመጣ የሚመስል። ሁለተኛውን ሞላ፤ እሱም ያንኑ ሸተተው። ሦስተኛውን ለመሙላት ተጣደፈ።

በዚያን ቀን አንድ ትክክለኛ ነገር ቢያደርግ ይህን ነው፤ ከቧንቧው የሚወርደውን ውሃ በእፍኙ ተቀብሎ አሸተተ። ምንም አይሸትም። ጤነኛ ሰው ቢሆን እዚያው ቆም ብሎ ያስብ ነበር። ሙጂብ ግን ተመራመረ። «ሽታው ረቂቅ ስለሆነ ሜዳ ላይ ወዲያው ይበናል፤ የሚገለጠው ጠርሙስ ውስጥ ሲታፈን ነው» ብሎ ደመደመ። ይህን ሲደመድም ብቻውን ፈገግ ብሎ ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ውጤቱ መጣ። የባቲውም የከሚሴውም ውሃ ካርቦኑ ኢምንት ነው። የጨፋው ግን ላብራቶሪውን ጉድ እስኪያሰኝ ድረስ ከፍ ብሏል። አማካሪው ዶክተር መስታወት ደወሉለት።

«የባዶው ናሙናስ?» አሉት። ባዶ ናሙና የሚባለው ከላብራቶሪ የመጣ ንጹሕ ውሃ በዚያው ዓይነት ጠርሙስ ተሞልቶ አብሮ የሚላክ ነው። እሱ ውስጥ ካርቦን ከተገኘ ችግሩ የጠርሙሱ እንጂ የጉድጓዱ አይደለም።

«እሱም ከፍ ብሏል» አለ ሙጂብ፣ ነገሩን ቀለል አድርጎ። «ንጹሑ ውሃ መኪና ውስጥ ፀሐይ መትቶት ተበላሽቶ ይሆናል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«መቶ በመቶ!»

ፍቅር የያዘው ሰው በወዳጁ ላይ የሚመሰክርን ሰው መስማት አይወድም። ሙጂብም ደኑን ወዶት ነበር። አዎ፣ ደን። የዛሬው ጨፋ ረግረግና ሣር ነው፤ ከሥሩ ግን ከስንትና ስንት ሺህ ዓመት በፊት ደለል የቀበረው ታላቅ ደን አለ፤ ውሃውም እስከ ዛሬ የዚያን ደን መዓዛ ተሸክሞ ይኖራል ብሎ ገጽ በገጽ ላይ እየደራረበ ጻፈ። በጽሑፉ ላይ «የጨፋ ጥንታዊ ደን» ብሎ ሰየመው። በሆዱ ግን «የሙጂብ ደን» ነበር የሚለው።

ደኑን ለሰው ያቀረበው ከሚሴ ላይ፣ የውሃ ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት ነው። ስክሪኑ ላይ ከኢንተርኔት ያወረደውን የደን ሥዕል ዘረጋ፤ ጥግ ላይ የቆመውን ዝሆን ማጥፋት ስላቃተው ትቶታል። አንዳንዱ ሰው ጨፋ ውስጥ የዝሆን አጥንት ተገኘ ብሎ ወጣ። ባለሙያዎቹ አድንቀው ሲያበቁ ጥያቄ የጠየቀው ኢንጂነር ዘመድኩን ብቻ ነበር። ዘመድኩን የጨፋን ጉድጓድ ለማስመረቅ ደፋ ቀና ሲል የከረመ ሰው ነው። ሕዝቡ የሚቀዳበት ቦኖ ተገንብቷል፣ ጄኔሬተሩ ተተክሏል፣ የቀረው ክሎሪን ጨምሮ ቧንቧውን መክፈት ነው።

«ደኑስ ጥሩ ነው» አለ ዘመድኩን። «ክሎሪን ልጨምርበት ወይስ ልተው?»

ሙጂብ ደረቱን ነፋ። «ይህን ያህል ካርቦን ባለበት ውሃ ላይ ክሎሪን ከጨመርክ ለጤና የማይበጅ ነገር ይፈጠራል። በፍጹም አይቻልም!»

ሳይንሱ ልክ ነው። ልክ ያልሆነው ሌላው ነገር ሁሉ ነው። ዘመድኩን አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ በማግስቱ ቦኖው ላይ ቁልፍ ተደረገበት።

ዘመድኩን ዳግመኛ ሲደውል ሙጂብ አዲስ አበባ ሆኖ ለውጭ አገር ጉባኤ የሚለብሰውን ኮት ልብስ ሰፊ ዘንድ ቆሞ ይለካ ነበር። «ውሃው ካልተጠጣ ጄኔሬተሩና ፓምፑ ሥራ ፈተው እዚያ ሊቀመጡ አይችሉም፤ ወደ ሌላ ቀበሌ ሊዛወሩ ነው» አለው። «አርብ ከጁምዓ በኋላ ለሕዝቡ እንነግራለን። ጥናቱ ያንተ ስለሆነ መጥተህ አስረዳልኝ። እኔማ ሽማግሌዎቹን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል።»

ሙጂብ አዲሱን ኮት ለብሶ፣ ሚኒባስ ውስጥ ንግግሩን እየተለማመደ፣ አርብ ጠዋት ጨፋ ሮቢት ወረደ። የተሳፈረበት ባጃጅ ሾፌር መጀመሪያ ወሬኛ ነበር፤ ማን እንደሆነ ካወቀ በኋላ ግን ቃል አልተነፈሰም። በመንገዱ ዳር ጀሪካን የተጫኑ አህዮች ከወንዝ ይመለሳሉ፤ ከኋላቸው ሴቶች ይከተላሉ። ከሴቶቹ አንዷ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው ያነክሳሉ። ባጃጁ ሲቀርብ አዳዳ ሰሊማ ናቸው። የተቆለፈው ቦኖ ከቤታቸው ደጃፍ ይታያል፤ እሳቸው ግን ከወንዝ እየመጡ ነው።

ሙጂብ ባጃጁን አስቁሞ ወረደ። እሳቸው ግን አልወቀሱትም። «አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ? አልሀምዱሊላህ፣ እንኳን ደህና መጣህ» ብለው ሳሙት። ቤት አስገብተው አስቀመጡትና «ደክሞሃል፣ መጀመሪያ ውሃ ጠጣ። አብሽር፣ አፍልቼዋለሁ» ብለው በቅል ሰጡት።

ሙጂብ ቅሉን ወደ አፉ አስጠጋ። ውሃው ከንፈሩን ሳይነካው በፊት ሽታው ደረሰ። ቀጭን፣ እንጨት እንጨት የሚል፣ ጣፈጥ ያለ። ያ ስንትና ስንት ሺህ ዓመት ያስቆጠረለት ደን ቅል ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። የወይራ ጭስ ነው። እናቱ ወተት የምታጠጣው እንዲህ በታጠነ ቅል ነበር፤ የጎረቤቱም ቤት እንዲሁ ነበር። የዚያ አገር ሕፃን ዓይኑን ተሸፍኖ የሚለየውን ሽታ እሱ ሳያውቀው ቀረ፤ ጥንታዊ ደን ብሎ ስም አወጣለት።

«አዳዳ» አለ፣ ቅሉን ከአፉ አርቆ። «ይህ ቅል ታጥኗል?»

«ታዲያስ! ሳይታጠን ውሃ ይቀዳበታል እንዴ?»

«ያን ጊዜ እዚህ ያስቀመጥኳቸው ጠርሙሶችስ?»

የሰሊማ ፊት በራ። «አንድ በአንድ ነው ያጠንኩልህ! የወይራ ስንጥሩን ፍም ላይ አድርጌ፣ አፋቸውን ደፍቼ፣ ጭሱን እስኪጠግቡ። ያችን ብልጭልጭ ወረቀትም እንደነበረች መልሼ አለበስኳቸው። ወላሂ፣ ስታመጣቸው የሆስፒታል ዕቃ ነበር የሚመስሉት!»

ሙጂብ ቅሉን አስቀመጠ። ቡናማ ብርጭቆ ጥላሸት አያሳይም። ባዶው ናሙናም ከዚያው ሳጥን በወጣ ጠርሙስ ነው የተላከው፤ እውነቱን ነግሮት ነበር፣ ውሸታም ያደረገው እሱ ነው። መጀመሪያ ያሳዘነው ነገር ጉድጓዱ ሳይሆን የለበሰው ኮት ነበር፤ ይህም ይታወቅለት። ቀጥሎ ግን የሰሊማ ጉልበት ትዝ አለው፤ ከዚያ ቁልፉ፣ ከዚያ ከሰዓት በኋላ የሚነቀለው ጄኔሬተር። እፍረቱ ከአንገቱ ተነሥቶ ጆሮውን አነደደው።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጭንቅ መጣ። እውነቱን ከተናገረ አገሩ ሁሉ «ውሃችንን ያስከለከለችን ሰሊማ ናት» ሊል ነው። በዚህ ዕድሜያቸው ስማቸው በየቤቱ ሊነሣ ነው። አይሆንም፣ ጥፋቱን ራሴ እወስደዋለሁ ብሎ ቆረጠ። ይህን ሲቆርጥ ትንሽ ደስ እንዳለው አይካድም፤ ደኑ ቢቀርበት እንኳ ጀግና ሊሆን ነው።

ከጁምዓ በኋላ ሕዝቡ ቦኖው አጠገብ ተሰበሰበ፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው ወገን። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሼህ ሙሀመድኑር ዱዓ አደረጉ፤ ሕዝቡ «አሚን» አለ። ዘመድኩን ስለ ጄኔሬተሩ ሊናገር ጉሮሮውን ሲጠርግ ሙጂብ ዘሎ ቀደመው።

«ይቅርታ አድርጉልኝ! ውሃው ምንም አልሆነም። እዚህ ሥር ደን የሚባል ነገር የለም። እኔ አገኘሁ ያልኩት ካርቦን የወይራ ጭስ ነው። ጠርሙሶቹ ታጥነው ነበር።»

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። «ማን አጠናቸው?» አሉ ሼህ ሙሀመድኑር።

ሙጂብ ኮቱን አስተካከለ። «እኔ ነኝ» አለ። «እኔው ራሴ ነኝ ያጠንኳቸው።»

መጀመሪያ የሳቁት ሴቶቹ ናቸው። ከዚያ ወንዶቹ ተከተሉ። ዘመድኩን አፉን ከፍቶ «አንተ? ሽቶ ተቀብቷል ብለህ ሰው አልጨብጥም ያልከው?» አለ። ሳቁ ገና ሳይበርድ ከሴቶቹ መካከል አንድ ድምፅ ተነሣ።

«ውሸቱን ነው!»

አዳዳ ሰሊማ ናቸው። ጉልበታቸውን ደግፈው ወደ ፊት ወጡ። ሙጂብ እንዲህ ተቆጥተው አይቷቸው አያውቅም።

«ደሞ ወንድ ዕቃ ያጥናል? ይሄ ልጅ ፍም እንኳ ማንሳት አይችልም! ያጠንኳቸው እኔ ነኝ፣ እኔ ሰሊማ! የሠራሁትን ማንም አይወስድብኝም!»

«አዳዳ፣ ይተዉት» አለ ሙጂብ በሹክሹክታ።

«ምኑን ነው የምተወው? የውሃ መቅጃ ናቸው፣ አዲስ አበባ ትልልቅ ሰዎች ይጠብቁኛል አለኝ። አባት የለው፣ እናት የለው። ያልታጠነ ዕቃ ይዞ እፊታቸው ቢቆም ይሄ ልጅ ከኋላው ሰው የለውም እንዴ አይሉም? ሰው እንዳለው ይወቁ ብዬ ነው! ጥፋት ነው ካላችሁ አጥፍቻለሁ። ወላሂ ደግሞ አሁንም ቢያመጣቸው አጥንለታለሁ!»

አሁን የሚስቅ ሰው አልነበረም። ሙጂብ ሊሸፍንላቸው የሞከረው ነገር እሳቸው የሚኮሩበት ነበር። ዕንባው መጣበት፤ በአዲሱ ኮት እጅጌ ጠረገው፣ ሌላ የሚጠርግበት ነገር አልያዘም ነበር።

«እንግዲህ ሰሊማ ምን አጠፋች?» አሉ ሼህ ሙሀመድኑር። «የውሃ መቅጃ ነው ተባለች። የውሃ መቅጃ ይታጠናል። ልጁ ነው አፍንጫውን አዲስ አበባ ጥሎት የመጣው።»

ያን ጊዜ ሁሉም ሳቀ፤ ሙጂብም ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ዘመድኩን ዓይኑን እየጠራረገ «እኔ ደኑን እስከ በላይ አካል ድረስ ሪፖርት አድርጌዋለሁ እኮ! አሁን ዝሆኑን የት ሄደ ልበላቸው?» አለ። ከዚያ ፊቱን ሰብሰብ አደረገና፣ አዲስ ናሙና ተወስዶ ውጤቱ እስኪመጣ ጄኔሬተሩ ካለበት እንደማይነቃነቅ ለሕዝቡ ተናገረ።

ሙጂብ እዚያው ቆሞ ለዶክተር መስታወት ደወለ። ሁሉንም ነገራቸው፣ ኮቱን ጭምር። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ስልክ ሲደወልለት ይቆጣል፤ እሳቸው ግን «ባዶው ናሙና ነግሮህ ነበር» ብቻ ነው ያሉት። «ነግሮኝ ነበር» አለ። የጉባኤውንም ጽሑፍ በራሱ እጅ አስቀረ።

አዲሶቹ ጠርሙሶች ከአዲስ አበባ ሲመጡ ሙጂብ ሳጥኑን አቅፎ ቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ሄደ። ሰሊማ ከቤታቸው መጥተው እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። አንድ በአንድ ሲሞላና ሲከድን በሐዘን ነው የተመለከቱት። «ሳይታጠን ሊሄድ ነው?» አሉት። «አዎ፣ አዳዳ፣ የዛሬውን ተዉልኝ» አለ። «እሺ፣ ቢስቁብህ እኔ የለሁበትም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ውጤቱ በመጣ ዕለት ሙጂብ ወሬውን በስልክ መናገር አልሆንልህ አለው። ከከሚሴ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተነሥቶ ሄደ። ዘመድኩን ቀድሞት ደርሶ፣ ክሎሪኑን ጨምሮ፣ የቦኖውን ቁልፍ ሲፈታ ደረሰ። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፤ ሰሊማ ከፊት አካባቢ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«ውጤቱ መጣ?» አሉት።

«መጣ፣ አዳዳ።»

«እህስ፣ ምን አገኘህበት?»

ሙጂብ ወረቀቱን ከኪሱ ሊያወጣ ፈለገና ተወው። የጨፋው ውሃ ካርቦን ከባቲውም ከከሚሴውም ያነሰ ነበር፤ ደን ቀርቶ የአንድ ቅጠል ያህል የለበትም። «ምንም» አለ።

ሰሊማ በሐዘኔታ አዩት። እጁን ይዘው ደባበሱት። «አብሽር፣ ኢልማ ኮ፣ አላህ በሌላ ቦታ ይሰጥሃል» አሉ። ከዚያ ግን አንድ ነገር እንደመጣላቸው ሁሉ ቅንድባቸው ተነሣ። «ክፉ ነገርም የለበትም ማለት ነው?»

«ክፉም፣ ሌላም የለበትም። ውሃ ብቻ ነው።»

ሰሊማ ትከሻውን ተደግፈው ብድግ አሉ። ወደ ሰልፉ ዞረው፣ እስከ መጨረሻዋ ሴት እንዲሰማ አድርገው ጮኹ። «ስሙኝማ! የወንድሜ ልጅ ይሄን ሁሉ ዓመት ተምሮ፣ በዚህ ሁሉ መኪና ተመላልሶ፣ ምንም አላገኘበትም! ምንም! በሉ ቅዱ!»

ሴቶቹ እልል አሉ። አንዲት አሮጊት መጥተው ግንባሩን ሳሙት፤ «ማሻ አላህ፣ ምንም እንዳታገኝ ያደረገህ ጌታ ይመስገን» አሉት። ሙጂብ በዕድሜው እንዲህ ተመስግኖ አያውቅም። የአክስቱን ጀሪካን አነሣና እንደ ልጅነቱ ከሰልፉ መጨረሻ ሄዶ ቆመ።